ወሎ ላይ አዲስ የፕሮፌሽናል እግር ኳስ ክለብ ማቋቋም፦ ፈቃዱ ከማን፣ ገንዘቡስ ከየት?

ጥያቄ፦ «ደሴና ኮምቦልቻ የምንነግድ አሥራ አንድ ሰዎች ነን። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችንን ጨምረን ሃያ ሚሊዮን ብር ለማዋጣት ቃል ተገባብተናል። ሐሳባችን ወሎን የሚወክል አዲስ ቡድን አቋቁመን፣ አሜሪካኖቹ እንደሚያደርጉት የፍራንቻይዝ ክፍያ ከፍለን በቀጥታ ፕሪምየር ሊግ መግባት ነው። የጎደለውን ከስታዲየም ትኬት፣ ከቴሌቪዥን ገንዘብና በየቅሬው (በየእድሩ) ለሕዝብ ከምንሸጠው አክሲዮን እንሞላለን። እያንዳንዳችንም አንድ አንድ ተጫዋች በግላችን አስፈርመን፣ ሲሸጥ ትርፉን እንወስዳለን። ፈቃዱን የሚሸጥልን ማን ነው? ሃያ ሚሊዮኑስ ይበቃል?»

ምላሽ፦

ፈቃዱን የሚሸጥላችሁ አካል የለም፤ አስገኝላችኋለሁ የሚል ደላላ ቢመጣም ቀብድ ሳትሰጡ አሰናብቱት። ፍራንቻይዝ የሰሜን አሜሪካ ሊጎች አሠራር ነው። እዚያ ሊጉ ዝግ ስለሆነ ወራጅም አዳጊም የለም፤ አዲስ ባለሀብት የሚገባው ነባሮቹ ባለቤቶች ተስማምተው የመግቢያ ዋጋ ሲቆርጡለት ነው። የሳንዲያጎ ቡድን በ2023 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካው ከፍተኛ የእግር ኳስ ሊግ (ሜጀር ሊግ ሶከር) ለመግባት የተስማማበት ዋጋ 500 ሚሊዮን ዶላር እንደነበር ተዘግቧል። ያን ያህል የሚከፈለው ተጫዋች ለመግዛት ሳይሆን ምንም ያህል ቢሸነፉ የማይወርዱበትን አባልነት ለማግኘት ነው። በተቀረው ዓለም ግን የፊፋ መተዳደሪያ ደንብ አንድ ክለብ በሀገር ውስጥ ሊግ የመሳተፍ መብቱ በዋናነት በሜዳ ውጤት እንዲወሰን ያዛል፤ ኢትዮጵያም በዚህ ደንብ ውስጥ ናት።

ምናልባት ግራ ያጋባችሁ የፕሪምየር ሊጉ አስተዳዳሪ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አክሲዮን ማኅበር መሆኑ ይሆናል። ባለአክሲዮኖቹ ክለቦቹ ራሳቸው ናቸው፤ ባለአክሲዮንነቱም በሜዳ የተገኘን ቦታ ተከትሎ የሚመጣ እንጂ እንደ ባንክ አክሲዮን ከገበያ የሚገዛ አይደለም። አዲስ የተመሠረተ ቡድን የሚጀምረው ከክልል ውድድር ነው፤ ከዚያ አንደኛ ሊግ፣ ቀጥሎ ከፍተኛ ሊግ፣ በመጨረሻም ፕሪምየር ሊግ ይደርሳል። በየዓመቱ ሳያቋርጥ ቢያድግ እንኳ የዓመታት ጉዞ ነው፤ በየዓመቱ የሚያድግ ቡድን ደግሞ እምብዛም አይታይም። የእንግሊዙ ኤኤፍሲ ዊምብልደን፣ ክለባቸው ወደ ሌላ ከተማ የተወሰደባቸው ደጋፊዎች በ2002 እ.ኤ.አ. ከታች ካሉት የአማተር ሊጎች በአንዱ ያስጀመሩት ቡድን ሲሆን፣ ፕሮፌሽናል ክለቦች የሚጫወቱበት ፉትቦል ሊግ የገባው በ2011 ነው። ከዚህ በተለየ መንገድ የሄደው የጀርመኑ አርቢ ላይፕዚግ በ2009 እ.ኤ.አ. የአንድን አነስተኛ ክለብ የአምስተኛ እርከን የመጫወቻ መብት ተረክቦ፣ በ2016 የሀገሪቱ ከፍተኛ ሊግ የሆነው ቡንደስሊጋ ደርሷል። ከኋላው የዓለም ትልቅ የኃይል መጠጥ አምራች ቆሞለትም ሰባት ዓመት እንደወሰደበት ልብ በሉ።

ወደ ሃያ ሚሊዮኑ ልምጣ። ቃል የተገባ ገንዘብና ባንክ የገባ ገንዘብ አንድ አይደሉም፤ ለጊዜው ግን ሁሉም ተከፍሏል እንበል። በ2011 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተስማምተው ነበር። ስምምነቱ ምን ያህል እንደተከበረ የእግር ኳሱ ሰው ሁሉ ስለሚያውቅ እዚያ ውስጥ አልገባም፤ ቁጥሩን ለስሌት ያህል ብቻ ልውሰደው። ተጫዋች ብዙውን ጊዜ የሚደራደረው እጁ ላይ በሚገባው የተጣራ ገንዘብ ነው። አሁን ባለው የገቢ ግብር ሰንጠረዥ ከ14,000 ብር በላይ ያለው ደመወዝ 35 በመቶ ይታሰብበታል፤ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው ደግሞ 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ አለ። ስለዚህ ተጫዋቹ 50,000 ብር የተጣራ እንዲደርሰው ክለቡ በወር ወደ 92,000 ብር ገደማ ያወጣል። ሃያ አምስት ተጫዋቾች በዚህ ሒሳብ ለአሥራ ሁለት ወር ቢቀጠሩ 27.6 ሚሊዮን ብር ይሆናል። የአሠልጣኞች፣ የወጌሻና የሐኪም፣ የማልያና የጫማ፣ የአውቶቡስና የሆቴል ወጪ ገና አልተነካም። ማልያና ጫማ ደግሞ በአብዛኛው ከውጭ የሚገቡ ናቸው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዋጋቸው የት እንደደረሰ ከእኔ ይልቅ ነጋዴዎቹ እናንተ ታውቁታላችሁ። ባጭሩ ሃያ ሚሊዮን ብር ለፕሪምየር ሊግ ቡድን የአንድ ዓመት ደመወዝ እንኳ አይሞላም። በክልል ውድድር ለሚጀምር፣ ወጣቶች ለሚበዙበት ቡድን ግን ብዙ ሥራ ይሠራል።

በዕቅዳችሁ ውስጥ ከሁሉ የሚያሰጋኝ የስታዲየም ትኬት ነው። የደሴው ሆጤ ስታዲየም ጢም ብሎ ሞልቶ በእያንዳንዱ ጨዋታ ገንዘብ ሲሰበሰብ ታይቷችሁ ከሆነ፣ ያ ሥዕል የድሮው ሊግ ነው። ፕሪምየር ሊጉ ከ2013 የውድድር ዘመን ጀምሮ እየተካሄደ ያለው፣ ክለቦቹ ሁሉ ወደ ጥቂት የተመረጡ ከተሞች እየተሰበሰቡ ነው፤ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ አዳማና ሐዋሳ በየተራ አስተናግደዋል። ይህ የሆነው በአንድ በኩል በኮሮና፣ በሌላ በኩል ጨዋታዎቹ በቴሌቪዥን የሚተላለፉበትን የካሜራና የመብራት ዝግጅት በየከተማው ማዳረስ ስለማይቻል ነው። ውጤቱ ለክለብ ሒሳብ ሠራተኛ ከባድ ነው፤ የአዲሱ ክለብ ደጋፊ ደሴ ላይ ተቀምጦ፣ ቡድኑ ሐዋሳ ሆቴል ውስጥ ለሳምንታት ይሰነብታል። ሜዳ ውስጥ የሚገባው ሰው የአስተናጋጁ ከተማ ነዋሪ ሲሆን፣ የሆቴሉን ሒሳብ የምትከፍሉት ግን እናንተ ናችሁ። ከታች ባሉት ሊጎችም ውድድሩ በምድብ ተከፍሎ በተመረጠ ከተማ የሚካሄድበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ በዕቅዳችሁ የትኬት ገቢ በሚለው መስመር ዜሮ ጻፉ፤ ከዜሮ በላይ የመጣውን እንደ ጉርሻ ቁጠሩት።

የቴሌቪዥኑ ገንዘብ እውነተኛ ነው፤ ይሁን እንጂ የሚደርሰው ፕሪምየር ሊግ ለገባ ክለብ ብቻ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ከዲኤስቲቪ ባለቤት ጋር የተፈረመው ውል ለአምስት ዓመት 22.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በዓመት 4.5 ሚሊዮን ማለት ነው። ምንም ሳይቀነስ ለአሥራ ስድስት ክለቦች እኩል ቢከፋፈል እንኳ ለአንዱ የሚደርሰው ከ282,000 ዶላር አያልፍም። ሊጉ የራሱ ወጪ ስላለበት፣ ክፍፍሉም ደረጃን የሚመለከት በመሆኑ፣ አዲስ ገቢ ቡድን ከዚህ ያነሰ ይጠብቅ። ውል በተጠናቀቀ ቁጥር ደግሞ በአዲስ ድርድር የሚወሰን ገንዘብ ስለሆነ፣ የረጅም ጊዜ ደመወዝ አይታቀድበትም።

ስፖንሰርን በሚመለከት የወሎ ሁኔታ ለብቻው መታየት አለበት። የቢራ ኩባንያዎች ለዓመታት የክለቦቻችን ዋና ደጋፊ ነበሩ፤ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ካጠበበው በኋላ ግን ያ ምንጭ ቀንሷል። ኮምቦልቻ ላይ የቢራ ፋብሪካ ስላለ በሩ ቀላል ይመስላል፤ የምታገኙት ገንዘብ ግን ከሕጉ ገደብ ሌላ የሕዝቡን ስሜትም ማለፍ አለበት። ደቡብ ወሎ ውስጥ የሕፃናት ማልያ ላይ የቢራ ወይም የውርርድ ድርጅት ስም ብታትሙ፣ ልጁን ለልምምድ የማይልክ አባት ብዙ ነው። የወለድ ብድርም እንዲሁ ነው፤ ከመሥራቾቹ የተወሰኑት ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት ካልሆነ የማይፈርሙ ከሆነ ይህ በመመሥረቻ ጽሑፉ ላይ ከመጀመሪያው ይቀመጥ፤ ዘግይቶ ሲነሳ ማኅበር ያፈርሳል። እኔ ብሆን የማንኳኳው የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅና ብረታ ብረት ፋብሪካዎችን፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩን አምራቾች፣ የጤፍና የእህል ጅምላ ነጋዴዎችንና ባንኮችን ነው። ለእነርሱም «ወሎን ደግፉ» ብሎ መለመን ሳይሆን፣ ስማቸው የት እንደሚታይ፣ በወር ስንት ጊዜ እንደሚታይና ሪፖርቱ መቼ እንደሚደርሳቸው የሚገልጽ አንድ ገጽ ውል ይዞ መሄድ ያስፈልጋል።

በየቅሬው አክሲዮን መሸጥ የሚለውን አሁኑኑ አቁሙት። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ከወጣ ወዲህ ለሕዝብ አክሲዮን ማቅረብ የሚቻለው የደንበኛ ሳቢ መግለጫ (ስለ ድርጅቱና ስለ አክሲዮኑ ለገዢ የሚያስረዳ ሠነድ) አዘጋጅቶ በካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ዘንድ በማስመዝገብ ነው። የቅሬው ዳኛ የተከበረ ሰው መሆኑ፣ ደረሰኝም መቁረጣችሁ ከዚህ ግዴታ ነፃ አያደርጋችሁም። ከሕጉ በላይ ደግሞ ሌላ እውነት አለ፤ የእግር ኳስ አክሲዮን ትርፍ ያስገኛል ብላችሁ ለሸማች እናት ከሸጣችሁ አታላችኋታል፤ ክለቦቻችን በአብዛኛው የሚኖሩት በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥታዊ ድርጅት በጀት እንጂ በትርፍ አይደለም። ከሕዝቡ የሚሰበሰበው ገንዘብ የአባልነት መዋጮ ይሁን፤ እንደ ቅሬው መዋጮ ትንሽ፣ የማያቋርጥና ሲሰጥ ተመላሽ የማይጠበቅበት። ለመዋጮው ምላሽ አባሉ የድምፅ መብት ያግኝ። በጀርመን የክለቡ አባላት ከድምፁ ከግማሽ በላይ እንዲይዙ የሚያስገድደው ደንብ ለደጋፊው የሚሰጠው ነገር ይኸው ነው።

የእናንተ የአሥራ አንዱ ገንዘብ በሌላ ቋት ይቀመጥ። በንግድ ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እስከ ሃምሳ አባላት ስለሚይዝ፣ ለእናንተ ቁጥር ከአክሲዮን ማኅበር ይልቅ የቀለለው እርሱ ነው። አሜሪካ ያሉት ዘመዶቻችሁ ዜግነት ቀይረው ከሆነ፣ እንደ ሀገር ውስጥ ባለሀብት መቆጠር ይፈልጉ እንደሆነ ወይም እንደ ውጭ ባለሀብት፣ ብሩ ከመላኩ በፊት ይወስኑ፤ ገንዘቡም በባንክ በኩል ተመዝግቦ ይግባ። በሻንጣ የመጣ ዶላር ነገ የማንም አክሲዮን መሆኑን የሚያስረዳ ወረቀት የለውም።

እያንዳንዱ ነጋዴ ተጫዋች ይዞ ሲሸጥ ይተርፋል ያላችሁት ደግሞ የተከለከለ ነው። ፊፋ ከክለብ ውጭ ያለ ሦስተኛ ወገን በተጫዋች የወደፊት ዝውውር ላይ ድርሻ እንዳይኖረው ከሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ጀምሮ ከልክሏል። ውሉን በአማርኛ ጽፋችሁ በሠነዶች ማረጋገጫ ብታጸድቁትም፣ ዝውውሩ ሲካሄድ ቅጣቱ የሚያርፈው በክለቡ ላይ ነው።

የተፈቀደው መንገድ ግን አለ፤ ይህን አንቀጽ በተለይ ደጋግማችሁ አንብቡት። አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ ወደ ሌላ ሀገር ክለብ ሲሸጥ፣ ከዋጋው 5 በመቶ ተቀንሶ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ላሉት ዓመታት በየዓመቱ 0.25 በመቶ፣ ከ16 ጀምሮ ደግሞ በየዓመቱ 0.5 በመቶ ይታሰባል። ከሐይቅ ወይም ከሐርቡ የመጣ ልጅ ከ12 እስከ 18 ዓመቱ እናንተ ዘንድ ቢያድግ፣ የእናንተ ድርሻ 2.5 በመቶ ነው። ከዓመታት በኋላ ልጁ በ400,000 ዶላር ከአንድ ሀገር ወደ ሌላ ሀገር ቢዛወር 10,000 ዶላር ይደርሳችኋል፤ በየዝውውሩም ይደገማል። ከ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ይህን ክፍያ የሚያከፋፍለው የፊፋ የክፍያ ማዕከል ሲሆን፣ የሚመለከተው የልጁን የምዝገባ ታሪክ ነው። ብዙ ክለብ ይህን ገንዘብ የሚያጣው እዚህ ላይ ነው፤ ልጁ አራት ዓመት ሠልጥኖ በፌዴሬሽኑ መዝገብ ላይ ስሙ የለም፣ ወይም የልደት ቀኑ በትምህርት ቤት አንድ፣ በክለብ ሌላ ነው። ስለዚህ የምትቀጥሩት የመጀመሪያ ሰው አጥቂ ሳይሆን፣ የልደት የምስክር ወረቀት፣ የወላጅ ስምምነትና የየዓመቱን ምዝገባ በፋይል የሚይዝ ጸሐፊ ይሁን። አቡበከር ናስር በ2014 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ቡና ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሲሄድ እንደታየው፣ ከሀገር ውስጥ ሊግ በቀጥታ ወደ ትልቅ የአፍሪካ ክለብ መሸጥ ይቻላል፤ ቢሆንም በየዓመቱ የሚሆን ነገር ስላልሆነ በጀት አታድርጉት።

ስታዲየም የመሥራት ሐሳብ በጥያቄያችሁ ውስጥ ባይኖርም መምጣቱ አይቀርም፤ መልሴ አትሥሩ ነው። ወልዲያ ላይ በሼህ መሐመድ ሑሴን አሊ አል አሙዲ ስም የተሰየመው ዘመናዊ ስታዲየም በጥር 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የከተማዋ ቡድን ደግሞ በ2010 የውድድር ዘመን መጨረሻ ከፕሪምየር ሊጉ ወረደ። ሜዳ ደመወዝ አይከፍልም። የሚያስፈልጋችሁ የታጠረ፣ ውኃ ያለው፣ ልጆች በየቀኑ የሚሮጡበት የልምምድ ሜዳ ነው፤ ይህን ከከተማ አስተዳደር ወይም ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ጋር በጽሑፍ ስምምነት ማግኘት ይቻላል። ስሙንም ቢሆን አስቡበት። «ወሎ» የሚለውን ስም ኮምቦልቻ አስቀድሞ በቡድኑ ይዞታል፤ ደሴ የራሱ ቡድን አለው፣ ወልዲያም የራሱ። ሁሉንም ጠቅልዬ እወክላለሁ የሚል አራተኛ ቡድን፣ እንደ እኔ ግምት፣ የሦስቱንም ደጋፊ ያጣል።

ስለዚህ ምክሬ ግልጽ ነው፤ አዲስ የአዋቂ ቡድን አታቋቁሙ። ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ አንዱን ምረጡና፣ ነባሩን የከተማ ክለብ ከአስተዳደሩ ጋር በጋራ ወደሚተዳደር ማኅበር ለመለወጥ ተደራደሩ። ክለቡ በዚያው ከተማ፣ በዚያው ስም እስከቆየ ድረስ የባለቤትነት መዋቅሩን መለወጥ የሊጉን ቦታ አያሳጣም፤ እናንተም ከመሰላሉ ግርጌ ከመጀመር ትድናላችሁ። ከተማው መሬቱንና የልምምድ ሜዳውን ያምጣ፣ የእናንተ ማኅበር ገንዘቡንና ሥራ አስኪያጁን፣ የደጋፊው ማኅበር ደግሞ መዋጮውንና ከግማሽ በላይ የሆነውን ድምፅ ይያዝ። ከመፈረማችሁ በፊት ግን የክለቡን ዕዳ በገለልተኛ ኦዲተር አስመርምሩ፤ ያልተከፈለ የተጫዋች ደመወዝ ካለ፣ ድርጅቱ አዲስ ነው ብላችሁ አታመልጡም። ያንኑ ስም፣ ቀለምና ደጋፊ የያዘ ድርጅት የቀድሞው ክለብ ተተኪ ተደርጎ ስለሚወሰድ ዕዳውም አብሮት ይመጣል።

ሃያ ሚሊዮኑን በሦስት ፈራሚዎች ብቻ በሚንቀሳቀስ ዝግ ሒሳብ አስቀምጡት። ከዚህ ውስጥ የሁለት ዓመት የደመወዝ ወጪ ተሰልቶ ይታሰር፤ የተጫዋቾችና የአሠልጣኞች ቁጥርም በዚያ ልክ ይወሰን እንጂ ሒሳቡ በምኞት አይለጠጥ። ምክንያቱ ደግነት አይደለም፤ በፊፋ ደንብ የሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ተጫዋች ለክለቡ የአሥራ አምስት ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በሕጋዊ ምክንያት ውሉን ማፍረስ ይችላል፤ ካሣም ይጠይቃል። በሀገራችን ክለቦች ላይ በውድድር መሐል ልምምድ የማቆም ችግር የሚመጣው በአብዛኛው የከተማው በጀት ዘግይቶ ወይም አመራር ተቀይሮ የደመወዝ ቀን ሲያልፍ ነው፤ በ2014ቱ ጦርነት የተጎዱ ትምህርት ቤቶችንና ጤና ጣቢያዎችን መልሶ የሚያቋቁም አስተዳደር ደግሞ ለእግር ኳስ ቅድሚያ ባይሰጥ ሊፈረድበት አይገባም። ከታሰረው የተረፈው ገንዘብ ከ15 እና ከ17 ዓመት በታች ቡድኖችና ለሴቶች ቡድን ይሁን፤ ካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) በአህጉራዊ ውድድር ለሚሳተፉ ክለቦች የሚሰጠው ፈቃድ የወጣቶችና የሴቶች ቡድንን፣ የተመረመረ ሒሳብን፣ ብቁ ሠራተኛን፣ ሜዳንና ሕጋዊ አቋምን ስለሚጠይቅ፣ ዘግይቶ ከመሮጥ አብሮ መጀመር ይረክሳል።

ከተማው አልደራደርም ካለ የወጣት ቡድኖቹን ብቻ ይዛችሁ በክልል ደረጃ ጀምሩ፤ ሦስት ዓመት ያለ አዋቂ ቡድን መቆየት የሚያሳፍር ነገር የለውም። በሁለቱም መንገድ ግን የአዋቂ ቡድን ምዝገባው የሚታሰበው የታሰረው ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ባንክ ከገባ ነው። ነሐሴ አልቆ ከአሥራ አንዳችሁ የአንዱ ድርሻ እንኳ በቃል ብቻ የቀረ ከሆነ፣ የዚያን ዓመት ምዝገባ ለከርሞ አሳልፉት።